የጡት ካንሰር ልየታ ያዋጣል? ሒሳቡ ከሰልፉ ጫፍ ይጀመራል

የክፍለ ከተማ ዕቅድ ለማዘጋጀትም ሆነ ለመመረቂያ ጽሑፍ የጡት ካንሰር ልየታን፣ ማለትም ሕመም ያልተሰማቸውን ሴቶች መርምሮ በሽታውን ቀድሞ መፈለግን፣ ወጪና ጥቅም የሚያሰላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጡትን በራጅ ከሚያነሳው የማሞግራፊ ማሽን ዋጋ ነው። ስሌቱ እዚያው ይጣመማል። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ ዓመት ከዓመት ገንዘብ የሚበላው ከማሽኑ ወዲያ ያለው ሰልፍ ነው። ስለዚህ ከጫፉ ጀምሩ፦ ቂርቆስ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ እብጠት የተገኘባት ሴት አልትራሳውንድ የት ትነሳለች? ከእብጠቱ በመርፌ የተወሰደው ናሙና በስንት ቀን ይነበባል? ቀዶ ሕክምናውስ መቼ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ያስቀመጠው ልክ ግልጽ ነው፦ ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 ከመቶው በሽታው ገና ሳይስፋፋ፣ በደረጃ 1 ወይም 2፣ እንዲታወቁ፣ ምርመራው በ60 ቀን እንዲጠናቀቅ፣ 80 ከመቶው ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። ሰልፉ ከ60 ቀን በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚሰላው ሰልፉን ማሳጠር ስንት እንደሚፈጅ ነው። በየጥቅምቱ ሮዝ ቲሸርት አስለብሶ እብጠት ፈልጎ፣ ያገኙትን ሴት ለወራት ቀጠሮ መስጠት ወጪ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዘዴውን ምረጡ። ከ50 እስከ 69 ዓመት ላሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ማሞግራፊ የሚለው ምክር የተጻፈው የሕክምና ሥርዓታቸው ለጠነከረ አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ብዙዎቹ ታማሚዎች በ40ዎቹና ከዚያ በታች ስለሆኑ ያ የዕድሜ ክልል ያልፋቸዋል፤ የወጣት ጡት ደግሞ ጥቅጥቅ ስለሚል በማሞግራፊ በደንብ አይለይም። ስለዚህ ዋናው ማወዳደሪያ በሠለጠነች ነርስ የሚደረግ የእጅ ምርመራ ይሁን። ሙምባይ ውስጥ ከ150,000 በላይ ሴቶችን 20 ዓመት የተከታተለውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የእጅ ምርመራ በሽታው ቀደም ባለ ደረጃ እንዲገኝ እንዳደረገ አሳይቷል። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ባሉት ሞትን በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሷል፤ በሁሉም ዕድሜ ሲደመር ግን ልዩነቱ አስተማማኝ አልነበረም። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ሪፖርታችሁ ውስጥ አትዝለሉት።

የካንሰሩን ብዛት ጥቁር አንበሳ ካለው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ውሰዱ፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። የሆስፒታል ካርድ ቆጥራችሁ ለከተማዋ ሕዝብ ብታካፍሉ ግን ከክልል የመጡት ስለሚገቡበት ቁጥሩ ያብጣል።

አሁን ወደ ብሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማሳያ የተቀመጡ ናቸውና በራሳችሁ ተኩዋቸው። ሁለቱን ጡት፣ ብብትንና ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት በላይ ያለውን በሦስቱ ጣቶች የውስጥ ገጽ፣ በሦስት ዓይነት ጫና መዳሰስ ከነምዝገባው 10 ደቂቃ ይወስዳል። በወረቀት በቀን 36 ሴት ይመስላል፤ በተግባር 25 ያዙ። ሥልጠናው፣ ክፍሉ፣ መጋረጃውና የነርሷ ደመወዝ ተደምሮ በአንድ ሴት 60 ብር ይምጣ እንበል። ከ10,000 ሴት ካንሰር ያለባቸው 10 ቢሆኑና ምርመራው 6ቱን ቢያገኝ፣ ከጤነኞቹ ደግሞ 5 ከመቶውን በስህተት ቢጠረጥር፣ 506 ሴት ለአልትራሳውንድ ትላካለች። በ800 ብር 404,800 ብር ነው። ከእነሱ 60ው ናሙና ቢሰጡ በ4,000 ብር 240,000 ይሆናል። ከዳሰሳው 600,000 ጋር 1,244,800 ብር፤ ለአንድ የተገኘ ካንሰር 207,000 ግድም። የነርሷ እጅ ሳይፈታ የስህተቱ ጥርጣሬ 10 ከመቶ ከሆነስ? አልትራሳውንዱም ናሙናውም እጥፍ ይሆንና አንድም ተጨማሪ ካንሰር ሳይገኝ 314,000 ይደርሳል። የሥልጠና ቀን መቀነስ ቁጠባ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የናሙናውን ወጪ በእጥፍ የሚያስከፍል ሌላም ነገር አለ፤ ፎርማሊን። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ 10 ከመቶ በሆነ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ፣ ፈሳሹም ከናሙናው 10 እጥፍ ገደማ ካልሆነ፣ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን የሚያሳየው የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ አይታመንም። ያኔ ወይ ሴትየዋ ዳግም ትወጋለች፣ ወይ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ5 ዓመት የሚዋጠው ርካሹ የሆርሞን መድኃኒት ታሞክሲፈን ይጠቅማት እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

በጥቅሙ በኩል ቀድሞ ማግኘት የሚያድነውን ሕክምና ዘርዝሩ። ደረጃ 3 ላይ የደረሰች ሴት በተለመደው አሰጣጥ በየ21 ቀኑ 8 ዙር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ቀዶ ሕክምናና ጨረር ይጠብቃታል። ጨረሩ በሳምንት 5 ቀን እየሆነ በ25 ቀን ከተሰጠ 5 ሳምንት፣ በ15 ከተሰጠ 3 ሳምንት ነው፤ ከክልል ለመጣች ሴት ይህ የአልጋ ኪራይ፣ የምግብና ሥራ ፈቶ የተቀመጠ አስታማሚ ዋጋ ነው። የሆስፒታሉን ደረሰኝ ብቻ የደመረ ስሌት ይህን አያየውም። መድኃኒቱን ደግሞ በዶላር ያዙ፦ የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100ን ስለተሻገረ የድሮ የብር ዋጋ ዋጋ አይደለም። ወደፊት የሚገኝ ዓመት ከዛሬው ያነሰ ስለሚመዘን የወደፊቱን ዕድሜ በየዓመቱ በ3 ከመቶ ቅናሽ አስሉ፤ 30 ዓመት 19.6 ይሆናል። «ከምርመራ በኋላ 5 ዓመት ኖረች» የሚለውን ግን እንደ ጥቅም አትቁጠሩ፦ ቀድሞ ማወቅ ብቻውን፣ ሞቷን አንድ ቀን ሳያዘገይ፣ ያን ቁጥር ያስረዝመዋል።

በመጨረሻ ግምቶቹን አንድ በአንድ እየቀያየራችሁ ፈትኑ፤ ለውጤት ሳይመለሱ ከሚጠፉት ሴቶች ጀምሩ። ከተገኙት 6 ሁለቱ ቢቀሩ ሕክምና ላይ ለደረሰች አንዲት ሴት ወጪው 311,200 ብር ይሆናል። መዝገቡ ላይ የራሷን ስልክና የአንድ ዘመዷን ስልክ የሚይዝ ዓምድ ጨምሩ፤ ለሚደውለው ሰውም በጀቱ ላይ የካርድ ሒሳብ አስቀምጡ።