አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበትን አሮጌ ኮምፒውተር ማፍጠን

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም (ሜሞሪ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) እና 64 ጊጋባይት ማከማቻ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል፤ ይህ ግን ሲስተሙን ለማስነሳት የሚበቃ ዝቅተኛ መጠን እንጂ ተረጋግቶ ለመሥራት የሚያስችል አይደለም። ስለዚህ የቆየ ኮምፒውተር አዲሱን ሲስተም ተጭኖ ቢንቀራፈፍ አያስገርምም። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያጣራ «ማፍጠኛ» የሚባሉ ፕሮግራሞችን እያወረደ ሸክሙን ማብዛቱ ነው።

በቅድሚያ የተጨናነቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ፣ የሜሞሪውና የዲስኩ አጠቃቀም በመቶኛ ይታያል። ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሳ ቁጥሮቹ ከፍ ማለታቸው የተለመደ ስለሆነ እስኪረጋጉ ይጠብቁ፤ ከዚያም የዘወትር ሥራዎን እየሠሩ ይከታተሏቸው።

ምንም ሳይከፍቱ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ከቀረና ከስሙ ሥር ኤችዲዲ (HDD፣ ማለትም ሃርድ ዲስክ) የሚል ከተጻፈ፣ ችግሩ ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚያነበው በሚሽከረከር ሳህን ላይ ወዲያና ወዲህ በሚንቀሳቀስ ጭንቅላት ነው፤ አዲስ ሲስተም ደግሞ ማሻሻያ ሲያወርድ፣ ፋይሎችን ለፍለጋ ሲመዘግብና ቫይረስ ሲፈትሽ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ጥቃቅን ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ጭንቅላቱ መድረስ ያቅተዋል። መረጃን በቺፕ ላይ በሚያስቀምጠው በኤስኤስዲ (SSD) ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለ ይህ መዘግየት የለም። በእኔ ግምት ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የተሻለ ውጤት የሚያስገኘው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ (የማገናኛ ዓይነት) ኤስኤስዲ በአብዛኞቹ የቆዩ ላፕቶፖች በሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገባል፤ ከመቀየርዎ በፊት ግን ፋይሎችዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ኤስኤስዲ ከገባ በኋላ በእጅ ዲፍራግ ማድረግ (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መልሶ ማሰባሰብ) አያስፈልግም፣ ያለ ጥቅም ዕድሜውን ይቀንሳል።

ሞልቶ የሚታየው ሜሞሪው ከሆነ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ተገቢ ነው። ዲዲአር 3 የተባለው የራም ዓይነት በዲዲአር 4 ቦታ ስለማይገባ ዓይነቱን ሳያረጋግጡ አይግዙ፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ መጨመር አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሚከፈቱ የብሮውዘር ታቦችን መቀነስና ስታርታፕ አፕስ (ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች) ከሚለው ዝርዝር የማያስፈልጉትን ማጥፋት ይረዳል። የቫይረስ መከላከያውን ግን አይንኩ። የመስኮቶችን እንቅስቃሴና ጥላ ማጥፋትም ጥቂት ያቀላል፤ ተአምር ግን አይጠበቅበትም።

ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ፍጥነቱ የሚወርድና ማራገቢያው የሚጮኽ ከሆነ ሙቀትን ይጠርጥሩ። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አቧራውን ማጽዳትና የደረቀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት መቀየር ፍጥነቱን ሊመልሰው ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ፣ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ አይመከርም፤ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዚያ ይልቅ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራ ሲስተም፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ዓይነት፣ ዲስኩ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነስተው ይሞክሩ። ከፍላሽ ሲነሳ ከተጫነው ስለሚዘገይ በዚያ ፍጥነቱ አይፍረዱበት፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ግን እዚያው ማረጋገጥ ይችላሉ።