የእንጨት መፍለጫ ማሽናችሁ ደከመ? ዘይቱን ከመቀየራችሁ በፊት እዩት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የሃይድሮሊክ እንጨት መፍለጫ ማሽን ሲደክም ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ዘይቱን ቀይረው» የሚል ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ችግሩ፣ ሳይታይ የተደፋ ዘይት የጥፋቱን ምልክት ይዞ መሄዱ ነው። ውሃ ገብቶበት ከነበረ፣ ውሃው የገባበት ቀዳዳ አሁንም ክፍት ነው። አየር እየሳበ ከነበረም የላላው ቱቦ እንደላላ ነው። አዲሱ ዘይትም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ይሆናል። በዛሬው የዘይት ዋጋ ደግሞ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ማሽኑ ከውጭ የመጣም ይሁን እዚሁ ብየዳ ቤት በገልባጭ መኪና ፓምፕ የተሠራ፣ አሠራሩ ያው ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል። ፓምፑ ከታንከሩ ዘይት ስቦ በቫልቩ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። ሲሊንደሩ ግንዱን ከሽብልቁ ጋር ያፋጥጠዋል። የውስጥ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ሲሊንደር በ170 ባር ግፊት ወደ 13 ቶን ተኩል ይገፋል። ይህን ጉልበት የሚያስተላልፈው ዘይቱ ነው። የፓምፑን ጥርሶች ከመበላላት የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና ውሰዱ። ማሽኑን ትንሽ አሠርታችሁ አጥፉት። ከታንከሩ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ቅዱና ወደ ብርሃን አቅርቡት። ከዚያ ከታች ካሉት ምልክቶች የትኛው እንደሚመስል እዩ።

ጠዋት ይጮኻል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል

ይህ የደጋ ችግር ነው። በደሴ፣ በኩታበር ወይም በደላንታ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት የተነሣ ማሽን ያጓራል፣ ሲሊንደሩም እየተጎተተ ይወጣል። ፀሐይ ወጣ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሠራል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ለብርዱ በጣም ወፍራም መሆኑ ነው። ፓምፑ ወፍራሙን ዘይት ስቦ ማድረስ ስለሚያቅተው ውስጡ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። የምትሰሙት ጩኸት የዚያ ነው። በቸልታ ከታለፈ ፓምፑን እያደር ይበላዋል።

በዘይት ጀሪካን ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። በሃይድሮሊክ ዘይት ላይ የተጻፈው 32፣ 46 ወይም 68 በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ያለውን ውፍረት ይነግራል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ ይወፍራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባለ 40 የሞተር ዘይት ሲጨምር ነው። 40 ከ46 ያነሰ ስለሚመስል ቀጭን ነው ይባላል። ግን የሁለቱ መለኪያ የተለያየ ነው። ባለ 40 የሞተር ዘይት በሃይድሮሊኩ መለኪያ ወደ 150 ይጠጋል። ከ46ቱ ሦስት እጥፍ ይወፍራል ማለት ነው። በደሴ ብርድ ይህን ታንከር ውስጥ መጨመር ፓምፑን መግደል ነው።

የማሽኑ መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ። መመሪያ ለሌለው ማሽን የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ደሴና ከዚያ በላይ ላለው ደጋ 32፣ ለኮምቦልቻና ለሐይቅ 46። ከሚሴና ቆቦ ላይ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ለሚሠራም 46 በቂ ነው፤ ማሽኑ በጣም ከጋለ ብቻ ወደ 68 መሄድ ይቻላል። የመረጣችሁት ዘይት ጀሪካኑ ላይ «ሃይድሮሊክ» የሚል፣ ብረት እንዳይበላላ የሚከላከል ቅመም ያለው ይሁን። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም እንዳትጨምሩ። ዘይት እንዳያመልጥ የሚያሽጉትን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸውና ያበላሻቸዋል።

ሞቆም ጩኸቱ ካልተወው ውፍረቱን ተዉት። በታንከሩና በፓምፑ መካከል ያለውን መስመር መርምሩ። የመምጠጫው ወንፊት ተደፍኖ ይሆናል፣ ወይም ቱቦው ውስጡ ተልጦ ሲሳብ ይጣበቃል። ከውጭ ደህና የሚመስል ቱቦ ከውስጥ ሊሞት ይችላል። በእጅ ሲጨበጥ ልል የሆነ የመምጠጫ ቱቦ ይለወጥ።

ዘይቱ ነጭ ሆኗል

ነጭ ዘይት ሁለት መንስኤ አለው፤ አየርና ውሃ። መፍትሄያቸው ስለሚለያይ መለየት ግድ ነው። ናሙናውን ሳትነኩት አስቀምጡት። በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ አረፋው ወጥቶ ከጠራ አየር ነው። አድሮም ወተት መስሎ ከቆየ፣ ወይም ከሥሩ የተለየ ነገር ከዘቀጠ፣ ውሃ ነው። ካጠራጠራችሁ ከማሽኑና ከቤንዚኑ ራቅ ብላችሁ አንዲት ጠብታ በጋለ ብረት ላይ ጣሉ። ውሃ ያለው ዘይት ይንጣጣል። ንጹሑ ዝም ብሎ ይጨሳል። ፊታችሁን አታስጠጉ።

አየር ከሆነ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የዘይት ማነስ ነው። ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ መልሳችሁ መጠኑን ለኩ። ሲሊንደሩ ወጥቶ ሳለ መለካት ያሳስታል፤ ብዙ ዘይት እሱ ውስጥ ነውና። መጠኑ ልክ ከሆነ የመምጠጫውን ቱቦ ማሰሪያዎች አጥብቁ። እዚህ ያለ ክፍተት ዘይት ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ መስመሩ ስቦ እንጂ ገፍቶ አይሠራምና። ማሽኑ ሲሠራ በማሰሪያው ዙሪያ ጥቂት ዘይት ቀቡ። ድምፁ ለቅጽበት ከተለወጠ ቀዳዳውን አገኛችሁት። የፓምፑ ዘንግ ፓራሊዮም (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚያግደው ጎሚኒ) እንዲሁ አየር ሊያስገባ ይችላል። የመመለሻው ቱቦ ጫፍ ከዘይቱ በላይ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ እንደ ፏፏቴ እየወረደ አረፋ ያስነሣል፤ ጫፉ ከዘይቱ በታች ይሁን።

ውሃ ከሆነ መንገዱ በአብዛኛው ክዳኑ ነው። ክረምት ላይ ያለ መጠለያ ያደረ ማሽን በመተንፈሻ ክዳኑ በኩል ዝናብ ያስገባል። ዝናብ ባይኖርም በደጋ ሌሊት ታንከሩ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ጤዛ ያወርዳል። ክዳኑን ለውጡ ወይም በሚገባ ሸፍኑ፣ ማሽኑንም ጣሪያ ሥር አሳድሩ። ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ። አንድ ጊዜ መቀየር ግን አይበቃም። ሲሊንደሩና ቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ትንሽ አሠርታችሁ ድጋሚ እዩት። ነጭ ከሆነ ደግማችሁ ቀይሩ።

ሽብልቁ እንጨቱን ሲነካ ሞተሩ ይጠፋል

ብዙ የመፍለጫ ፓምፖች ሁለት ደረጃ አላቸው። ግንዱ እስኪገኝ በብዙ ዘይትና በትንሽ ግፊት ይፈጥናሉ። እንጨቱ ሲቃወም በራሳቸው ወደ ቀርፋፋውና ኃይለኛው ደረጃ ይዞራሉ። መዞሪያው በቆሻሻ ወይም በወፍራም ዘይት ከተያዘ ሞተሩ ከባዱን ጭነት በፈጣኑ ደረጃ ለመግፋት ይሞክርና ይታፈናል። እዚህ የዘይትና የፊልትሮ ቅያሪ በእርግጥ ሊያድን ይችላል።

ዘይቱን ከመውቀስ በፊት ግን ከፍታውንም አስቡ። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ይቀንሳል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ሞተራችሁ ሩቡን ያህል ጉልበቱን ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ ልክ ልኩን ይሠራ የነበረ ማሽን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ቢታፈን ጥፋቱ የዘይቱ ላይሆን ይችላል። ጭሱ ጥቁር ከሆነና ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል። የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካርቡራተሩንም ለከፍታ አስተካክሉ። ይህን ሳያዩ ዘይት የሚቀይሩ ሰዎችን ሳይ ያሳዝነኛል።

ይገፋል፣ ግን ጉልበት የለውም

ሞተሩ አይጠፋም፤ ሲሊንደሩ ግን ወይራ ወይም አንጓ ያለው የደረቀ ባህር ዛፍ ሲያጋጥመው ቆሞ ይቀራል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚደክም ከሆነ ዘይቱ ሲግል ቀጥኖ በተበሉ ክፍሎች መካከል እየሾለከ ነው። ጠዋትም ከሰዓትም ደካማ ከሆነ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ ዘይቱን ወደ ታንከር የሚመልሰው) ላልቶ ወይም ቆሻሻ ይዞት ይሆናል። ያለ ግፊት መለኪያ ይህን ቫልቭ አታጥብቁ። ከልክ ያለፈ ግፊት ቱቦ ያፈነዳል።

የሲሊንደሩን ጎሚኒ እንዲህ ፈትሹ። ዘንጉን ሙሉ በሙሉ አውጡና ሞተሩን አጥፉ። ሲሊንደሩን የሚያዝዘውን የቫልቭ እጀታ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሳችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ። በዘንጉ በኩል ያለውን ቱቦ ከሲሊንደሩ ፍቱ፣ የቱቦውን አፍ በጠንካራ መድፈኛ ዝጉ። ከሲሊንደሩ ክፍት አፍ ሥር ዕቃ አድርጋችሁ ከፊት ለፊቱ ዞር በሉ። ሞተሩን አስነሥታችሁ ለአጭር ጊዜ ወደ መውጫው አቅጣጫ ግፉ። ከክፍቱ አፍ ዘይት መፍሰሱን ካላቆመ የፒስተኑ ጎሚኒ አልቋል። በዚህ ጊዜ የትኛውም ዘይት አይፈውሰውም። ካልፈሰሰ ፓምፑን ጠርጥሩ።

ዘይቱ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል

መጠን ያለፈ ሙቀት ነው። ከ80 ዲግሪ ካለፈ ዘይቱም ጎሚኒውም በፍጥነት ይበላሻል። ዋናው ጥፋት ሲሊንደሩ መጨረሻ ደርሶ እጀታውን ይዞ መቆየት ነው። ያን ጊዜ ዘይቱ ሁሉ በማስተንፈሻው ቫልቭ እየተጨመቀ ያልፍና ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ይሆናል። የማይሰነጠቅ ግንድ ካጋጠማችሁም አትጨቃጨቁት፤ አዙራችሁ ከዳር ጀምሩ። ታንከሩ ትንሽ ከሆነ ደግሞ በየመሐሉ አሳርፉት።

በናሙናው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ብናኝ ካያችሁ ፓምፑ እየተበላ ነው። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ብረት ነው። ጥቁር ለስላሳ ቁርጥራጭ ከቱቦ ወይም ከጎሚኒ ይመጣል። ምንጩ ሳይገኝ አዲስ ዘይት አይግባ።

አሁን ቅያሪው

መንስኤው ከተስተካከለ በኋላ ማሽኑን ለብ እስኪል አሠሩት፤ የጋለ ዘይት እጅ ያቃጥላል። ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ መልሱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ኬብል ንቀሉ፣ ግፊቱን አስተንፍሱ። ማፍሰሻ ቡሎን ካለ በእሱ፣ ከሌለ የመምጠጫውን ቱቦ ከታንከሩ ሥር ፈትታችሁ አፍስሱ። ወንፊቱን በናፍጣ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። የታንከሩን ውስጥ ክር በማይጥል ጨርቅ ጥረጉ። ፊልትሮው አዲስ ይሁን።

እዚህ ላይ ንጽሕናን አደራ እላለሁ። አዲስ ዘይት ከበርሜል በቆሸሸ ጀሪካን ሲቀዳ ከአሮጌው ብዙም አይሻልም። ዓይን የማያየው አሸዋ ፓምፕ ይፍቃል። ጀሪካኑን ለዚህ ብቻ ለዩት። በማጥለያ ጨምሩ፣ በአቧራማ ቀን ደጅ አትሥሩ።

የፈሰሰውን ዘይት ዘግታችሁ አስቀምጡ። ወደ ቦርከና መድፋት የለም። ያ ወንዝ ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ የሚሄድ፣ ገበሬው መስኖ የሚጠልፍበት ውሃ ነው። ለዳቦ ወይም ለእንጀራ ምድጃ ማቀጣጠያም አትስጡት፤ ጭሱ ጤና ይጎዳል።

ዘይቱ ከገባ በኋላ የካንዴላው ኬብል ሳይገጠም የማስነሻውን ገመድ ጥቂት ጊዜ ሳቡ፤ ፓምፑ ዘይት እንዲያገኝ ነው። ከዚያ ገጥማችሁ አስነሡ። የሞተሩን ፍጥነት ሳትጨምሩ፣ እንጨት ሳይኖር ሲሊንደሩን ስምንት ዐሥር ጊዜ ቀስ ብላችሁ አውጡ መልሱ። አየሩ ሲወጣ መንቀጥቀጡ ይተዋል። መልሳችሁ መጠኑን ለኩና የጎደለውን ሙሉ።

ከቅያሪው በኋላ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ

ወዲያው አጥፉት። ደረቅ ፓምፕ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። በታንከሩና በፓምፑ መካከል የዘይት መዝጊያ ካለ፣ ተዘግቶ እንዳይሆን እዩ። የመምጠጫው ቱቦ አልተጠመዘዘም? ካልሆነ ቱቦውን ከፓምፑ በኩል ፍቱና ዘይት እስኪወርድ ጠብቁ፣ ፓምፑንም በዘይት ሙሉ፣ ከዚያ ግጠሙ። ይህም ካልረዳ ሞተሩንና ፓምፑን የሚያያይዘው መጋጠሚያ ተሰብሮ ይሆናል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ፓምፑ ቆሟል።

በቱቦ ላይ እርጥበት ካያችሁ በእጃችሁ አትዳስሱ። በዚህ ግፊት ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ፍሳሹን በካርቶን ቁራጭ ፈልጉ። ቆዳ ከበሳ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ሕመም ባይኖረውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና «የግፊት ዘይት ገብቶብኛል» በሉ፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ማሽኑ አዲስ ከሆነ ወይም ፓምፑ ከተለወጠ የመጀመሪያውን ፊልትሮ ከ25 እስከ 50 ሰዓት ከሠራ በኋላ ቀይሩ፤ በመጀመሪያ የሚወጣው የብረት ብናኝ እሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ ብዙ አምራቾች በየ100 ሰዓቱ ገደማ ወይም በዓመት አንዴ ይላሉ። የገባውን የዘይት ቁጥርና ቀኑን ታንከሩ ላይ በቀለም ጻፉት፤ ቀጥሎ የሚጨምረው ሰው ሌላ ዓይነት እንዳይቀላቅልበት።