በጭንቅ ጊዜ በእምነታችን ላይ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በሐዋሳ ከተማ ሕሙማንንና ሐዘንተኞችን እንድጠይቅ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከተመደብሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት በአልጋ አጠገብም በለቅሶ ድንኳንም ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ቃል አለ፤ «እምነቴ ትንሽ ናት፤ በዚህች እምነት ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?» የሚል። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ የነገረኝ፣ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሕፃናት ማቆያ ክፍል የተኛበት አንድ ወጣት አባት ነው። በየማለዳው እስከ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይመጣና ሳይገባ ይመለስ ነበር፤ በሙሉ ልቡ ሳያምን መጸለይ እግዚአብሔርን እንደ ማታለል ሆኖበት ነበርና።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ እምነት እስኪያድግ ድረስ ጸሎትን ማቆየት። ጨዋ የሆኑ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ይበልጡን ስለሚሳሳቱት ያሳዝነኛል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 የተጻፈው አባት ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚሠቃይ ልጁን ይዞ ወደ ጌታ በቀረበ ጊዜ የተናገረው «ቢቻልህ» ብሎ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ሞክረው ስላቃታቸው ልቡ ወድቋል፤ «ቢቻልህ» ያሰኘውም ይኸው ነው። ስለ እምነቱ በተጠየቀ ጊዜ ደግሞ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታ ይህን ሰው «ሂድና ጥርጣሬህ ሲለቅህ ተመለስ» አላለውም፤ ልጁን በዚያው ቀን ፈወሰለት። ይህ የሆነው ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ በወረደ ጊዜ ነው፤ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የምናከብረው ደብረ ታቦር ማለት ነው። በዚያ ተራራ ስም በሚጠራ ኮረብታ ሥር የምንኖር የሐዋሳ ምእመናን፣ ከላይ የታየውን ብርሃን ስናስብ ከታች የቆመውን የዚያን አባት ጩኸት ባንረሳ እወዳለሁ።

ሐዋርያትም «እምነት ጨምርልን» ብለው በለመኑ ጊዜ የተመለሰላቸው የሰናፍጭ ቅንጣት ምሳሌ ነው። በሐይቃችን ላይ ገና ሳይነጋ የሚወጣ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ይችለው እንደሆነ ያያል እንጂ የራሱን ድፍረት ሲለካ አይቆይም፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ የተሳፈረውንም ጀልባው እኩል ይሸከመዋል። ለወጣቱ አባት የነገርሁት ይህን ነበር። አብረን ገባን፤ «አለማመኔን እርዳው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላወጣም። ልጁ እስከ ዛሬ በማቆያው ክፍል ውስጥ ነው፤ አባቱ ግን አሁን ከደጃፍ አይመለስም።

ሁለተኛውን ስህተት የሚፈጽመው ጠያቂው ነው፤ ስለዚህም ነገር ዝም ማለት አልችልም። ልጇን ቀብራ በተቀመጠች እናት ፊት «እምነት ቢኖር ኖሮ…» ብሎ የሚጀምር ሰው የተናገረውን አያውቀውም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ተናግሬዋለሁና። አገልግሎት በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የ9 ዓመት ልጇን ያጣች አንዲት እናት ዘንድ ለቅሶ ደርሼ «ጸሎታችን ቢበረታ ኖሮ እግዚአብሔር ይሰማን ነበር» አልኋት። አልመለሰችልኝም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ አልጸለየችም፤ «ልጄን የገደላት የእኔ እምነት ማነስ ነው ብዬ፣ የቱን አፌን ልክፈት?» አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኋት፤ «ተው ልጄ፣ ተነሥ» ብላ አነሣችኝ። ያ ዓመት ግን አልተመለሰላትም።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በመሬት ላይ መቀመጣቸው ደግ ሥራ ነበር፤ ስህተታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11ን የሚጠቅስ ሁሉ እስከ ቁጥር 37 ያንብበው። በአንዱ እምነት ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ ተቀበሉ፤ በዚያው እምነት ሌሎች በመጋዝ ተሰነጠቁ። ጌታም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ምክንያት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሂዱና ተቀመጡ።

ሦስተኛው ስህተት እምነትን ለማሳየት ሲባል መድኃኒት ማቋረጥ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አሠራር 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ሲቀንስና የምግብ ፍላጎት ሲመለስ ሕመምተኛው «ተፈውሻለሁ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል፤ ያልሞተው ተዋሲያን ግን መድኃኒቱን ተላምዶ ይነሣል፤ ሁለተኛው ሕክምና ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል፤ በሽታውም ወደ ቤተ ሰብ ይተላለፋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም እንዲሁ ከተቋረጠ ቫይረሱ ዳግመኛ ይባዛል። ስለዚህ ጉዳይ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ፀበሉም መድኃኒቱም አንድ ላይ ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ብሎ ያስተምራል፤ በዚያው ምዕራፍ በሽተኛው እንዲጸልይም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥም ያዝዛል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ፀበል የሚጠጣ ሰው ክኒኑንም በሰዓቱ ይዋጥ። «መድኃኒትህን ጣል» የሚላችሁን ሰው፣ ምንም ዓይነት ልብስ ቢለብስ፣ አትስሙት።

ስዕለት ለምስጋና የሚሰጥ ቃል ኪዳን ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር የዋጋ ክርክር ልታደርጉበት፣ ይልቁንም የልጆቻችሁን ቀለብ ልትሳሉበት አይገባም።

ሌላው ስህተት ምሬትን ከጸሎት ማስወጣት ነው። ብዙዎች በልባቸው «ለምን?» እያሉ በአፋቸው ምስጋና ብቻ ያዥጎደጉዳሉ፤ ውሎ አድሮ ሁለቱንም ይተዋሉ። በዳዊታችን 87ኛውን፣ በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ 88ኛውን መዝሙር አንብቡት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ የሚያበቃውም በጨለማ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ወደ ምስጋና አይመለስም። ሆኖም አባቶቻችን ከመዝሙራቱ አላወጡትም፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያደርሰዋል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በየሳምንቱ የምታስጮኸውን ጩኸት ለራሳችን የምንከለክለው ለምንድን ነው?

የመጨረሻው ሥጋን መርሳት ነው፤ ይህን የምለው በተለይ ለአስታማሚዎች ነው። ከጾም ሥርዓት ውጭ፣ ከሐዘን ብዛት ብቻ እህል የማይቀምሱ፣ ሌሊቱን በሆስፒታል ኮሪደር ቆመው የሚያነጉና ከዚያ «እምነቴ ደከመ» የሚሉ አሉ። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን በለመነ ጊዜ የተላከለት መልአክ ተግሣጽ አላመጣለትም፤ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ በላና ተኛ። ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነበርና። እኔም ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ አስታማሚ ልጠይቅ ስሄድ ትኩስ አጥሚት በፔርሙዝ እይዛለሁ፤ መጽሐፌን የምከፍተው እርሱ ከተጠጣ በኋላ ነው።