ክሎሪን እያለውም የመዋኛ ገንዳው አረንጓዴ የሚሆነው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የውሃ ዝውውር ስህተቶች

የክሎሪን መለኪያው ደህና እያሳየ ከመሰላሉ ጀርባና ከደረጃው ጥግ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ከታየ ክሎሪን መደራረብ ብቻውን አይፈታውም። ክሎሪን የሚሠራው በደረሰበት ቦታ ነው። ውሃ ተኝቶ በሚውልበት ጥግ ያለው ክሎሪን ያልቃል፣ የሚተካው አይመጣም፣ አልጌም (ያ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር) እዚያ ይጀምራል።

የውሃ መመለሻ አፎችን እንደነበሩ መተው

በብዛት የሚዘነጋው ይህ ነው፤ ለማስተካከል ግን ምንም ወጪ የለውም። ከማጣሪያው የተመለሰው ውሃ የሚወጣባቸው አፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከር ጫፍ አላቸው። የያዘውን ቀለበት አላልተው ሁሉንም በአንድ ዙር አቅጣጫ፣ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል አድርገው ያዙሯቸውና ቀለበቱን መልሰው ያጥብቁ። አፎቹ ፊት ለፊት ከተያዩ አንዱ የሌላውን ግፊት ይሰብራል። ወደ ስኪመሩ (የገንዳውን የላይኛውን ውሃ ወደ ፓምፑ የሚስበው የግድግዳ አፍ) ከዞሩ የተጣራው ውሃ ገንዳውን ሳይዞር ተመልሶ ይሳባል። ወደ ላይ ከቀኑ ደግሞ ላዩ ይናወጣል እንጂ ታችኛው ውሃ አይነቃነቅም።

ለመፈተሽ ጥቂት ቅጠሎች ውሃው ላይ ይበትኑ። ዞረው ስኪመሩ ጋ ከደረሱ ጥሩ ነው፤ ቆመው የሚቀሩበት ቦታ አልጌ የሚጀምርበት ነው። ወለሉን በተመለከተ ዝቃጩ ዘወትር የሚከማችበትን ቦታ ልብ ይበሉ።

ፓምፑን በግምት ማስኬድ

ርዝመት 8 ሜትር፣ ስፋት 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀት 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በሰዓት 8 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ይህን ያህል ውሃ በ6 ሰዓት ያሳልፋል። ይህ ማለት ግን ውሃው ሁሉ ተጣራ ማለት አይደለም፦ የተጣራው ካልተጣራው ጋር ስለሚቀላቀል በአንድ ዙር በማጣሪያው የሚያልፈው 63 በመቶ ገደማ ነው። ፓምፑ ላይ የተጻፈውም ከፍተኛው አቅም ነው፤ ቧንቧውና ማጣሪያው ይቀንሱታል። ስለዚህ በቀን ለ8 ሰዓት ያህል በማስኬድ ይጀምሩ፣ ሙቀት ሲበረታ ወደ 12 ሰዓት ከፍ ያድርጉ። ሌሊት ብቻ ማስኬድም ስህተት ነው፤ አልጌ የሚያድገው፣ ክሎሪንም በፀሐይ የሚጠፋው ቀን ነው።

የማጣሪያውን ግፊት አለማየት

የአሸዋ ማጣሪያው ንጹህ ሲሆን የሚያሳየውን ግፊት ጽፈው ይያዙ። ከዚያ በ0.5 እስከ 0.7 ባር ሲጨምር በተቃራኒ ፍሰት ይጠቡት። የማጣሪያውን ቫልቭ እጀታ ከማዞርዎ በፊት ሁልጊዜ ፓምፑን ያጥፉ። በማያ መስታወቱ የሚታየው ውሃ እስኪጠራ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይጠቡ፣ ከዚያ ለ1 ደቂቃ ያለቅልቁ፤ ማለቅለቁ ከተዘለለ የቀረው እድፍ ወደ ገንዳው ይመለሳል። በየቀኑ ማጠብም አይመከርም፤ ጥቂት እድፍ የያዘ አሸዋ የበለጠ ያጣራል።

ውሃውን ማጉደል

ውሃው የስኪመሩን አፍ እስከ ግማሽ ይሸፍን። ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል። ውሃው ሳይጎድል በመመለሻ አፎቹ አረፋ ከመጣ የፓምፑን ክዳን ጎማ ይፈትሹ።

ጥጎችን ሳይቦርሹ መተው

ከመሰላል ጀርባና ከደረጃ ሥር ፍሰቱ ይዳከማል። በሳምንት አንዴ ፓምፑ እየሠራ ይቦርሹ፣ የተነሳው ወደ ማጣሪያው እንዲሄድ።