ከጣና ዳር እንሽላሊት ስትቆጥሩ ወቅቱ እንዳያታልላችሁ

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ካብ ለካብ ስትዞሩ ውላችሁ አንድ ገበሎ ላታዩ ትችላላችሁ። አለቀ ማለት ግን አይደለም። ሰውነቱን የሚያሞቀው ፀሐይ ነውና ደመናው ካልገለጠ ከድንጋዩ ስንጥቅ አይወጣም። ስለዚህ የቆጠራ ቁጥር ሁለት ነገር ይቀላቅላል፤ ስንት እንዳለና ስንቱ እንደወጣ። ልፋቱ ሁሉ እነዚህን ለመለየት ነው።

መጀመሪያ 200 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት መስመሮች ለዩ፦ አንዱ የድንጋይ ካብ የሚከተል፣ አንዱ እንደ ዘጌ ያለ የቡና ጥላ ውስጥ፣ አንዱ ደንገል ዳር። የሐይቁ ውኃ በክረምቱ መግቢያ ዝቅ ብሎ በመስከረምና በጥቅምት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፣ የደንገሉን መስመር ከውኃው ጠርዝ ሳይሆን ከማይሰጥም ዛፍ ጀምራችሁ ለኩ። አለበለዚያ ግንቦት ላይ የሄዳችሁበት ቦታ ጥቅምት ላይ ውኃ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

200 ሜትሩን በ20 ደቂቃ ተራመዱ፤ ከግራም ከቀኝም 2 ሜትር ድረስ ያያችሁትን ጻፉ። ወደ ኋላ አትመለሱ፣ አንዱን ሁለቴ ትቆጥራላችሁ። በየመስመሩ በወር ሦስት ቀን፣ ያው ሰው ቢሄድ ይመረጣል።

ሰዓቱ ከወቅቱ ጋር ይቀያየራል። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚበረታ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ይበቃል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ገብተዋል። ታኅሣሥ ላይ ድንጋዩ የሌሊቱን ብርድ ይዞ ስለሚያድር ከ4 ሰዓት በፊት መውጣት ድካም ብቻ ነው። በክረምት ፀሐይ ብልጭ ካለች በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ ንባቡን መዝግቡ፤ ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው መለኪያ ግን የራሳችሁ ጥላ ነው። መሬት ላይ ጠርዙ ጎልቶ ካልታየ የዕለቱን ቆጠራ ተዉት።

በጣም የሚያሳስተው መስከረም ነው። ፀሐይ አለ፣ ነፍሳትም ሞልተዋል፤ ሣሩ ግን ጉልበት ደርሶ ይሸፍናቸዋል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው፣ በበጋም ጭምር፣ እስከ 1 ሜትር የታየውን ከዚያ ራቅ ብሎ ከታየው ለይቶ መጻፍ ነው። የራቁት ብቻ ከቀነሱ ጥፋቱ የሣሩ ነው፤ ሁለቱም ከቀነሱ አስቡበት። ግልገሎችንም በሌላ ዓምድ አስፍሩ፣ በተፈለፈሉበት ወር ድምሩን ያሳብጡታል። መጠናቸውን ስትገምቱ ጭራውን ተዉት፤ ተቆርጦ አጥሮ የበቀለ ጭራ ብዙ ነው።

ውኃ ዳር የሚኖረውን ትልቁን እንሽላሊት፣ አርጃኖን፣ በአቅርቦ ማያ ከ30 ሜትር ቁጠሩት፤ ሲጠጉት ውኃ ውስጥ ይዘላል። ዝናብ ያለሰለሰው ኩይሳ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ካያችሁ ቦታውን መዝግባችሁ እለፉ። እንቁላሉን ብዙ ጊዜ የሚጥለው እዚያ ነውና አትቆፍሩት። ንጋትና ምሽት ላይ ደግሞ ደንገሉ ዳር ጉማሬ ስላለ ያን መስመር ለቀን ብቻ አቆዩት።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ መስመር የሚያዝያ ሦስቱ ቀናት 14፣ 9 እና 16 ቢሰጡ አማካዩ 13፣ በ100 ሜትር 6.5 ይሆናል። ይህን ከሐምሌው ጋር አታወዳድሩት። የዘንድሮ ሚያዝያ የሚወዳደረው ከአምናው ሚያዝያ ጋር፣ ያውም የጥላው ሙቀት ተቀራራቢ በነበረባቸው ቀናት ነው።