ሶሪትን በወፍ ቤት የሚያሳድጉ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንጦጦ ወይም በመናገሻ ሱባ ደን የሚሄድ ሰው ሶሪትን ከማየቱ በፊት ድምፅዋን ይሰማል፤ ቢያያትም የሚያያት ለአፍታ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሻገርና በክንፏ ውስጥ የተሸሸገው ደማቅ ቀይ ሲገለጥ ነው። ጉንጯ ነጭ የሆነችው ይህች ወፍ ቱራኮ ከሚባሉትና ከአፍሪካ ውጭ በዱር ከማይገኙት ወፎች አንዷ ስትሆን፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በደቡብ ሱዳን ደኖች ትኖራለች። በአውሮፓና በአሜሪካ ከበቀቀን ውጭ ያሉ ብርቅ ወፎችን በሰፋፊ የሽቦ ቤቶች የሚያሳድጉ ሰዎችም ለብዙ ዓመታት ሲያራቧት ቆይተዋል። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በሶሪት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው፣ ቤቱ ወፏን ለማየት ለሚፈልገው ሰው ዓይን ስለሚሠራ ነው፤ ሶሪት ግን በተፈጥሮዋ መሰወር የምትወድ ወፍ ናት።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ወንዴና ሴቴን አንድ ላይ አስገብቶ “ተላመዱ” ብሎ መተው ነው። ወንዴው የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ሴቴዋን ያሳድዳታል፤ እሷ ገና ያልተዘጋጀች እንደሆነና መሸሻ ካጣች ራሷንና ዓይኗን እየነቆረ በአንድ ቀን ሊገድላት ይችላል። ይህ የሚደርሰው አዲስ በተገናኙት ብቻ ሳይሆን ለዓመታት በሰላም አብረው በኖሩትም ላይ ስለሆነ፣ ያለፈው ሰላም ለሚመጣው ወቅት ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱን መጀመሪያ በመካከላቸው ሽቦ ባለበት ጎን ለጎን በሆነ ክፍል ለሳምንታት ማቆየት፣ ከዚያም ወንዴውን ወደ ሴቴዋ ቤት ማስገባት እንጂ እሷን ወደ እሱ ግዛት አለመውሰድ ይገባል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች የወንዴውን የአንድ ክንፍ ላባዎች በከፊል በመቁረጥ ሴቴዋ በበረራ እንድትቀድመው ያደርጋሉ፤ የምግብ ሳህኑንም አንዱ ከሌላው በማይታይበት በሁለት ቦታ ያስቀምጣሉ። በእኔ እምነት፣ ወንዴው ሴቴዋን ከምግብ ማባረር በጀመረበት በዚያው ቀን መለየት እንጂ “ነገ ይሻለው ይሆናል” ብሎ መጠበቅ አይገባም። ወንዴና ሴቴ በመልክ አንድ ዓይነት ስለሆኑም ጾታቸውን በዓይን መገመት ሁለት ወንዴዎችን አጋጥሞ ማጣላትን ያስከትላል፤ ከላባ በሚወሰድ የዲኤንኤ ምርመራ አስቀድሞ ማረጋገጥ ቀላል ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ስህተት የቤቱ አሠራር ነው። ሶሪት በቅርንጫፍ ላይ የምትሮጥ ወፍ ናት፤ ውጫዊው ጣቷ ወደፊትም ወደኋላም ስለሚዞር በወፍራምና በቀጭን ግንድ ላይ እንደ ሽኮኮ ትፈጥናለች። ለስላሳ የሆኑ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ብቻ በተሰቀሉበት ባዶ ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ አትችልም፤ የተለያየ ውፍረት ያላቸው፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያገናኙ ቅርንጫፎችና ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የማይለያቸው ጥቅጥቅ ያሉ ተክሎች ያስፈልጓታል። ተክሎቹ የበዙበት ቤት ወፏን ከጎብኚ ዓይን ሊሰውራት ይችላል፤ ለእሷ ግን ሕይወት ነው። አዲስ የጋልቫናይዝድ ሽቦም በላዩ የቀረ የዚንክ ቅንጣት ስላለው ወፏ ብትነቁረው ልትመረዝ ትችላለች፤ ከመገጠሙ በፊት በኮምጣጤ በደንብ መፈተግና በውኃ መታጠብ አለበት።

በምግብ ረገድ የሚፈጸመው ስህተት ቀስ ብሎ የሚገድል በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ወፏ ከሞተች በኋላ ነው። ፍሬ በል የሆኑ ወፎች በዱር የሚመገቡት የብረት ማዕድን ያነሰበት ምግብ ስለሆነ፣ ሰውነታቸው ያገኘውን ብረት አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ለዶሮ ወይም ለውሻ የተዘጋጀ፣ ብረት የበዛበት ምግብ ሲሰጣቸው ትርፉ በጉበታቸው ውስጥ ይከማችና ወፏ እስከ መጨረሻው ጤነኛ መስላ በድንገት ትወድቃለች። ለፍሬ በል ወፎች በሚዘጋጀው ደረቅ ምግብ በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ብረት ከ100 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ይመከራል። ቫይታሚን ሲ ብረትን ወደ ሰውነት የማስገባት ኃይል ስላለው፣ ብርቱካንን፣ መንደሪንንና ኪዊን ከዚህ ምግብ ጋር ማቀላቀል ጥሩ አይደለም። ፓፓያ፣ ፖም፣ ወይንና ሐብሐብ ይስማሟታል፤ ነገር ግን ሶሪት የምትውጥ እንጂ የምታኝክ ስላልሆነች ፍሬው በሽምብራ መጠን መከተፍ ይኖርበታል፤ ቅጠላ ቅጠልም በየቀኑ መጨመር አለበት። አቮካዶ ለወፎች መርዝ ስለሆነ በምንም መልኩ ወደ ቤቱ መግባት የለበትም። የሶሪት ቀይና አረንጓዴ ላባ ቀለም በውስጡ መዳብ ያለበት መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች መዳብ ሊጨምሩላት ይፈልጋሉ፤ ወፏ የሚበቃትን ከፍሬና ከቅጠል የምታገኝ ስለሆነ ይህ አያስፈልግም።

“የደጋ ወፍ ስለሆነች ብርድ ትችላለች” የሚለው አባባል እውነት ቢመስልም ያሳስታል። የደጋችን ሌሊት ቢቀዘቅዝም ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፤ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ግን ከ15 ሰዓት በላይ በሚረዝም ሌሊት ውርጭ ጣቶቿን አድርቆ ያስቆርጣል። ከውጭው ቤት ጋር የተያያዘ፣ የሚሞቅና መብራት ያለው ክፍል መኖር አለበት፤ ወፏም ብርዱ ከመግባቱ በፊት ወደዚያ ገብታ ማደርን እንድትለምድ ማድረግ ይገባል።

አይጥን መናቅም እንዲሁ ዋጋ ያስከፍላል። የአይጥና የዱር ወፎች ኩስ የርሲኒያ የተባለውን ባክቴሪያ ያመጣል፤ ቱራኮዎችም ለእሱ ተጋላጭ ናቸው። ሽቦውን ከመሬት በታች መቅበር፣ የቤቱንም ጣሪያ በከፊል መክደንና የተረፈውን ምግብ በየምሽቱ ማንሳት ይገባል።

እንቁላል በመጣ ጊዜ ደግሞ ስህተቱ መቸኮል ነው። ሶሪት እንደ እርግብ ሳሳ ያለ የጭራሮ ጎጆ ስለምትሠራ ከሥሩ ጠፍጣፋ የሽቦ ቅርጫት ማኖር ይረዳታል። ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ወንዴውና ሴቴዋም እየተፈራረቁ ለ22 ወይም ለ23 ቀናት ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ በደንብ መብረር ሳይችሉ ከጎጆው ወጥተው በቅርንጫፍ ላይ መንጠላጠል ስለሚጀምሩ፣ ይህን የማያውቅ አሳዳጊ “ወደቁ” ብሎ ይሰበስባቸውና በእጁ ያሳድጋቸዋል። በእጅ ያደገ ወንዴ ሰውን እንደ ወገኑ ስለሚቆጥር፣ ኋላ ላይ ለሴቴ ጓደኛው ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ተስማሚ ጓደኛ ስትጠፋ ሶሪትን ከሌላ የቱራኮ ዝርያ ጋር ማዳቀልም መወገድ አለበት። በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ በነገሌ ቦረናና በአካባቢው የምትገኘው የሩስፖሊ ቱራኮ በዱር ውስጥ እንኳ ከጉንጨ ነጯ ሶሪት ጋር እንደምትዳቀል ታይቷል። ስሟ የተወሰደው ከጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ ሲሆን፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1893 በዝሆን ሲገደል ወፏን ያገኘበትን ቦታ ሳያመለክት ስለቀረ፣ መኖሪያዋ ከ40 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቷል። እንዲህ ጠባብ መኖሪያ ላላት ዝርያ የዘር መቀላቀል ሥጋት ስለሆነ፣ በወፍ ቤት ውስጥ በሰው እጅ የተደቀለ ወፍ ማብዛት ለማንም አይጠቅምም።

በመጨረሻም፣ የወፏን አመጣጥ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት የዱር ወፎችን ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2005 በወፍ ጉንፋን ምክንያት ለጊዜው፣ በ2007 ደግሞ በቋሚነት አግዷል፤ ሶሪትም የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለች ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አትሻገርም። በኢትዮጵያም ሕጉ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንና መያዝን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከደን ተይዛ የምትሸጥ ሶሪት፣ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ፣ መገዛት የለባትም። ገዢው በቅድሚያ የወፏን እግር ይመልከት፦ በወፍ ቤት የተፈለፈለች ከሆነ ጫጩት ሳለች፣ እግሯ ሳይወፍር የገባ፣ መገጣጠሚያ የሌለውና ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ይኖራታል፤ ያ ቁጥርም ሻጩ ከሚሰጠው ሰነድ ጋር አንድ መሆን አለበት።