ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ እንዲሰራ እንዴት ፎርማት እናድርገው

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ከጀመርኩ ጀምሮ ከካሜራው በላይ የሚያስጨንቀኝ ሀርድ ዲስክ ነው። እኛ ጋ ኤዲቲንጉ የሚሰራው ማክ ላይ ነው፣ ደንበኛው ቤት ያለው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው፣ የሙሽራዋ እህት ሜሪላንድ ሆና ማክቡክ ይዛ ትጠብቃለች፣ አባትና እናት ደሞ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው ማየት ነው የሚፈልጉት። አንዱ ዲስክ ለነዚህ ሁሉ መድረስ አለበት።

አንዴ የሆነውን ልንገራችሁ። በማክ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ የሰርጉንም የመልሱንም ቪዲዮ ጭነን ሰጠን። ሙሽራው ቤት ወስዶ ዊንዶውሱ ላይ ሲሰካው ይሄን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብህ የሚል መልእክት መጣበት፣ እሱም ዲስኩ አዲስ ስለሆነ ነው ብሎ እሺ አለው፣ ከዛ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው እኛ ሳንጭንለት የሰጠነው መስሎት ፊልም ሞላበት። ከሳምንታት በኋላ ሲደውሉልን የሰርጉን ቀን ከኛ ኮምፒውተር አገኘነው፣ የመልሱን ግን ቦታ ለማስለቀቅ ብለን አጥፍተነው ነበር። በሪከቨሪ ሶፍትዌር ሁለት ሌሊት ፈልገን የወጣው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። የአያትየው ምርቃት እዛ ውስጥ ነበር፣ ጠፋ። ከዛ ቀን ጀምሮ ዲስክ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ፎርማቱን ነው፣ ይሄንንም የምጽፈው ሌላ ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይቺን ያዙልኝ። ዊንዶውስ "ፎርማት አድርገው" ሲላችሁ ሁሌ ዲስኩ ባዶ ነው ወይም ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ "እኔ ይሄን ማንበብ አልችልም" ማለት ነው። ውስጡ ዳታ ያለበት ዲስክ ከሆነ ካንስል በሉት፣ ንቀሉት፣ ማክ ያለው ሰው ፈልጋችሁ እዛ ሰክታችሁ እዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀርድ ዲስክ ላይ ፋይሎች የት እንዳሉ የሚመዘገብበት አሰራር አለ፣ ፋይል ሲስተም ይባላል፣ እንደ ግምጃ ቤት መዝገብ አስቡት። ማክ የራሱ መዝገብ አለው፣ ድሮ ኤችኤፍኤስ ፕላስ ነበር ከ2017 ወዲህ ደሞ ኤፒኤፍኤስ መጣ፣ ዊንዶውስ ሁለቱንም ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር ማንበብ አይችልም። ዊንዶውስ ደሞ ኤንቲኤፍኤስ አለው፣ ከ1993 ጀምሮ ያለ ነው፣ እሱን ማክ ያነበዋል ግን አይጽፍበትም። ማለትም ቪዲዮውን ከፍታችሁ ታያላችሁ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ትወስዳላችሁ፣ ግን አንድ ፎቶ እንኳን ልጨምርበት ብትሉ እምቢ ይላችኋል። ብዙ ሰው ዲስኩ ተቆልፏል ብሎ ወደ ሱቅ የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ የተቆለፈ ነገር የለም፣ ፎርማቱ ነው።

ፋት 32 የሚባለው የድሮው ደሞ ሁሉም ቦታ ይሰራል፣ ሪሲቨሩም የመኪናው ቴፕም ያነበዋል፣ ችግሩ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ አይቀበልም። ዲስኩ ላይ 900 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለ ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው ይላችኋል። አንድ የአንድ ሰዓት ተኩል የሰርግ ቪዲዮ በጥሩ ጥራት ከወጣ 4 ጊጋን በቀላሉ ያልፋል፣ ስለዚህ ለኛ ስራ አይሆንም።

የሚቀረው ኤክስፋት ነው፣ የኔም መልስ እሱ ነው። ማይክሮሶፍት በ2006 ያወጣው ነው፣ የ4 ጊጋ ገደብ የለበትም፣ ዊንዶውስ ያነባል ይጽፋል፣ ማክ ከስኖው ሌፐርድ 10.6.5 ጀምሮ ያነባል ይጽፋል፣ ሊኑክስ ደሞ ማይክሮሶፍት በ2019 ዝርዝሩን ለህዝብ ከለቀቀው በኋላ ከርነሉ (የሲስተሙ ዋና አካል) ውስጥ ገብቷል። አይፎንና አይፓድም ከአይኦኤስ 13 ወዲህ በፋይልስ አፕ በኩል ይከፍቱታል። አንድ ድክመት አለው፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ ምክንያቱም ለኛ ሀገር ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ኮፒ አድርጌያለሁ ብሎ መተው ብቻ አይበቃም፣ ኮፒውን ክፈቱት፣ ቪዲዮ ከሆነ መሀሉና መጨረሻው ላይ ሄዳችሁ አጫውቱት፣ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የፋይሉ ብዛትና መጠን ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ቀጥሎ ሌላ የተሰካ ፍላሽ፣ ሜሞሪ ካርድ፣ ሌላ ኤክስተርናል ካለ ሁሉንም ንቀሉ፣ አንዱ ብቻ ይቅር። ተሳስቶ ሌላውን ፎርማት ማድረግ የሚመጣው ሁለት ተመሳሳይ ዲስክ ጎን ለጎን ሲሰካ ነው።

መጠኑንም አስተውሉ። 1 ቴራ ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ብሎ ነው የሚታየው፣ 2 ቴራው ደሞ 1.81 ቴራ ይላል፣ ሻጩ ሰርቆን ነው እንዳትሉ፣ ፋብሪካው በ1000 ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ግን በጣም በርካሽ 16 ቴራ የሚል ትንሽዬ ዲስክ ከገዛችሁ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የሀሰት ናቸው፣ ፎርማት ስታደርጉትም 16 ቴራ ብሎ ያሳያል፣ ዳታ ስትሞሉበት ነው የሚጠፋው። እሱን ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ሶፍትዌር፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ደሞ ኤፍ3 በሚባለው ሞልታችሁ ሳትፈትኑ አንድ ፎቶ እንኳን አትስጡት።

አሁን ዊንዶውስ ላይ። ዲስኩን ሰክታችሁ ዚስ ፒሲ ውስጥ ግቡ፣ ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት። ፋይል ሲስተም የሚለው ላይ ኤክስፋት ምረጡ፣ አሎኬሽን ዩኒት ሳይዝ የሚለውን ዲፎልት እንዳለ ተዉት፣ ስም ስጡት (ከ11 ፊደል አይብለጥ፣ እኔ የደንበኛውን ስምና ዓመቱን ነው የምጽፈው)፣ ኩዊክ ፎርማት የሚለው ራይት እንደተደረገ ስታርት በሉት። ሰከንዶች ነው የሚፈጀው።

ኩዊክን ልንካው ወይስ ላጥፋው የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኩዊክ ማለት መዝገቡን ብቻ ነው አዲስ የሚያደርገው፣ ዳታው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዛው አለ፣ ለዛ ነው ቶሎ ከተደረሰበት ሊመለስ የሚችለው። ኩዊኩን ካጠፋችሁት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፍበታል፣ የተበላሸ ቦታም ካለ ያገኘዋል፣ ግን 1 ቴራ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍ እንኳን ወደ 3 ሰዓት ነው፣ በድሮው ዩኤስቢ 2 ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ለአዲስ ዲስክ ኩዊክ ይበቃል። ዲስኩን ለማታውቁት ሰው ልትሸጡት ከሆነ ወይም ያገለገለ ዲስክ ገዝታችሁ ጤንነቱን ከተጠራጠራችሁ ግን ሙሉውን አድርጉት፣ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት መርጣችሁ።

ዲስኩ ዚስ ፒሲ ውስጥ ጭራሽ ካልታየ (ከማክ የመጣ ከሆነ ይሄ የተለመደ ነው) ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ግቡ። እዛ ዲስኮቹ በቁጥር ተደርድረው ታያላችሁ፣ ዲስክ 0 ብዙ ጊዜ የራሱ የኮምፒውተሩ ነው፣ እሱ ጋ እንዳትደርሱ፣ የናንተን በመጠኑ ለዩት። ትልቁ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋይ) ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲሊት ቮልዩም፣ ከዛ ባዶው ቦታ ላይ ኒው ሲምፕል ቮልዩም፣ ኔክስት ኔክስት እያላችሁ ፋይል ሲስተሙን ኤክስፋት አድርጉት። 200 ሜጋ የምታክል ትንሽ ፓርቲሽን አልጠፋም ብላ ብትቀር ተዉአት፣ ማክ የሚፈጥራት ናት፣ አታስቸግርም። አዲስ ዲስክ ሆኖ ኤምቢአር ወይስ ጂፒቲ ብሎ ከጠየቃችሁ ደሞ (ሁለቱም የዲስኩ ክፍልፋዮች የሚመዘገቡበት አሰራር ናቸው) ከ2 ቴራ በላይ ለሆነ ዲስክ ጂፒቲ ግዴታ ነው፣ ከዛ በታች ሆኖ የቆየ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ከሆነ ኤምቢአር ይሻላል፣ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ጂፒቲ ላይ ያስቸግራሉ።

ማክ ላይ ከሆናችሁ አፕሊኬሽንስ ውስጥ ዩቲሊቲስ፣ ዲስክ ዩቲሊቲ። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፣ ከላይ ቪው የሚለውን ነክታችሁ ሾው ኦል ዲቫይስስ ካላላችሁ በስተግራ የሚታያችሁ የዲስኩ ልጅ ብቻ ነው እናቱ አይደለችም። እናቱን፣ ማለትም የፋብሪካው ስም የተጻፈበትን የላይኛውን መስመር ምረጡ፣ ከዛ ኢሬዝ። ፎርማት ኤክስፋት፣ ስኪም የሚለው ላይ ጉይድ ፓርቲሽን ማፕ (ያው ጂፒቲ ነው)፣ ለቆየ ቴሌቪዥን ከሆነ ማስተር ቡት ሪከርድ (ያው ኤምቢአር)። ኤምኤስ ዶስ ፋት የሚለውን እንዳትመርጡ፣ እሱ ያው ፋት 32 ነው፣ 4 ጊጋው ችግር ተመልሶ ይመጣል። እኔ ሁለቱም ኮምፒውተር ካለኝ ዊንዶውሱ ላይ ነው ፎርማት የማደርገው፣ ማኩ አሎኬሽን ዩኒቱን ራሱ ስለሚመርጥ ምን ያህል እንዳደረገው አያሳየኝም፣ ዊንዶውስ ላይ ግን እያየሁት ነው።

ይሄ አሎኬሽን ዩኒት ምንድነው ካላችሁ፣ ዲስኩ ቦታ የሚያድለው በስፍር ነው፣ ኤክስፋት በትልቅ ዲስክ ላይ ስፍሩ በዊንዶውስ ዲፎልት 128 ኪሎባይት ነው። ለቪዲዮና ለፎቶ ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። ግን 2 ኪሎባይት የሆነች ፋይልም 128 ትወስዳለች፣ እንዲህ አይነት 10,000 ፋይል ያለው ፕሮግራመር 20 ሜጋ የነበረው ነገር ከ1 ጊጋ በላይ ሲበላበት ይገረማል። ትንንሽ ፋይል የሚበዛባችሁ ከሆነ ዚፕ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ፣ ለምሳሌ ኡቡንቱ ላይ፣ ዲስክስ የሚለውን አፕ ክፈቱ፣ ዲስኩን በግራ ምረጡ፣ ፎርማት ፓርቲሽን፣ አዘር፣ ኤክስፋት። ምርጫው ከደበዘዘ ኤክስፋትፕሮግስ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑና ተመለሱ። በቃ።

አሁን ወደዛ ድክመት። ኤንቲኤፍኤስና የማኩ ኤችኤፍኤስ ፕላስ ጆርናል የሚባል ነገር አላቸው (ኤፒኤፍኤስ በሌላ መንገድ ነው ራሱን የሚጠብቀው)፣ ምን ሊጽፉ እንደሆነ አስቀድመው ማስታወሻ ይይዛሉ፣ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ማስታወሻውን አይተው መዝገቡን ያስተካክላሉ። ኤክስፋት ይሄ የለውም። እየጻፈ እያለ ገመዱ ከተነቀለ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ድርግም ካለ መዝገቡ ራሱ ሊበላሽ ይችላል፣ የተበላሸው ደሞ ያን ሰዓት ኮፒ ስታደርጉት የነበረው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ትልቅ ኮፒ ስታደርጉ ባትሪው የሚሰራ ላፕቶፕ ተጠቀሙ፣ ሲያልቅም ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፣ ኢጀክት አድርጋችሁ መንቀል ትችላላችሁ እስኪላችሁ ጠብቁ። ቸኩዬ ነው አይሰራም እዚህ ጋ። ኢጀክት አላደርግም ካለ የተከፈተ ፋይል አለ፣ ዝጉት፣ እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ንቀሉ።

ሳታስቡት ከተነቀለ ዊንዶውስ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ አድርጉት። ማክ ላይ ደሞ ዲስኩ ቶሎ ካልታየ ነቅላችሁ አትሰኩት፣ ከኋላ ሆኖ እየፈተሸው ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ዲስክ ከሆነ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፣ ታገሱት።

ማክ ከነካው በኋላ ዊንዶውስ ላይ በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምሩ ትንንሽ ፋይሎች ታያላችሁ፣ ቫይረስ አይደሉም፣ ማክ የራሱን መረጃ የሚያስቀምጥባቸው ናቸው፣ ቢጠፉም ቪዲዮው አይነካም። የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ኤክስፋት እስከ 255 ፊደል ይቀበላል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ስላሽና የፈረንጁን ሁለት ነጥብ ግን አይቀበልም። የኛው ሁለት ነጥብ ፡ ሌላ ፊደል ስለሆነ ችግር የለበትም።

ሁሌ ኤክስፋት በሉ ግን አልልም። ዲስኩ ከዊንዶውስ ውጪ የማይነካ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ይሻላል፣ ጆርናሉ ስላለ። ማክ ላይ ታይም ማሽን ባክአፕ የምታደርጉበት ዲስክ ለብቻው ይሁን፣ የራሱን ፎርማት ነው የሚፈልገው። ለእናትና አባት ሪሲቨር ደሞ ፋት 32 የሆነ 32 ጊጋ ፍላሽ ለይታችሁ ቪዲዮውን ከ4 ጊጋ በታች ቆራርጣችሁ ስጡ፣ ያኔ ማንም ሳይቸገር ያያል።

እኔ አሁን ዲስክ ከማስረከቤ በፊት ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል ዊንዶውሱ ላይ እጭንበታለሁ፣ ማኩ ላይ ከፍቼ ስሙን እቀይረዋለሁ፣ ተመልሼ ዊንዶውሱ ላይ አጠፋዋለሁ። ሦስቱም ካለፈ ቪዲዮውን እጭናለሁ፣ ካርቶኑ ላይ በማርከር "ኤክስፋት ነው፣ ፎርማት አድርግ ካላችሁ እሺ አትበሉ፣ ደውሉልን" ብዬ እጽፍበታለሁ፣ የኛ ኮፒ ደሞ ሜሪላንድ ያለችው እህት ከፍታ አየሁት ብላ እስክትነግረን ድረስ አይጠፋም።